የእሜቴ ብርቄ ምሰሶ

ትናንት ተከራዬ በሬ ላይ ቆማ እጇን ስታፍተለትል አየኋት። «እትዬ፣ አይቆጡኝ እንጂ ግድግዳው ሊወድቅ ነው» አለችኝ። መቆጣት! ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ አናጺ ፍለጋ ወጣሁ። እንዲህ የሚያስሮጠኝ ምን እንደሆነ ግራ ሳይገባት አልቀረም።

በጣሊያን ጊዜ እኛም ደብረ ማርቆስ ተከራዮች ነበርን። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ከሉማሜ ሲያመጣን እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስሁ ልጃገረድ ነኝ። የተከራየናት የሣር ጎጆ የእሜቴ ብርቄ ነበረች። አንድ ልጃቸው አርበኛ ሆኖ ዱር ስለ ገባ፣ ከገበያ የሚመለሰውን ሁሉ ወሬውን የሚጠይቁ ባልቴት ነበሩ።

ሰኔ ሲገባ የጎጆዋ ምሰሶ ከሥሩ መበስበሱን አየን። አባቴ ሸማ የሚሠራበት ጉድጓድ ደግሞ እዚያው ምሰሶው አጠገብ ነው። የቸገረው ጉልበት ሳይሆን ፈቃድ ነበር፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሰው ቤት ምሰሶ አይነካም። እኔን አስከትሎ ሄደ።

«እሜቴ፣ የቤትዎ ምሰሶ በስብሷል። ሳይወድቅ ይነቀልና ሌላ እናቁም» አላቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምን አልኸኝ? የቤቴ ምሰሶ? ልጄ በሕይወት ሳለ ማን ነው የሚነቅለው? ሟርተኛ!»

አባቴ ስለ እንጨት፣ እሳቸው ስለ ልጃቸው ነበር የሚያወሩት። ቢለምናቸው፣ ሽማግሌ ቢልክባቸው «ልጄ ሳይመለስ ምሰሶዬ አይነካም» አሉ። ሌላ ቤት እንዳንፈልግ ከተማውን የጣሊያን ወታደር ሞልቶት ነበር። አባቴ በባላ ደግፎት ሥራውን ቀጠለ።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ለአባቴ ማፍጠሪያ ሽምብራ ነክረን ከእናቴ ጋር ቅዳሴ ሄድን። ስንመለስ ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። የጎጆዋ ክዳን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጎረቤቶች ሣሩን በእጃቸው ይቦጭቃሉ። አባቴን የሽመና መወርወሪያውን እንደ ጨበጠ አወጡት። ትንፋሽ አልነበረውም።

እሜቴ ብርቄ ለልቅሶ መጥተው እናቴ እግር ሥር ወደቁ። «የኔን ምሰሶ ስጠብቅ ያንቺን ጣልሁት!» አሉ። እናቴ አነሣቻቸው። እኔ ጠላኋቸው።

ጣሊያን ሲወጣ ልጃቸው ጎፈሬውን አበጥሮ በደኅና ገባ። ጎጆዋን መልሶ ሲሠራ ምሰሶውን ጠዋት ጀምሮ ለምሳ ሳይጠራ ተከለው። ቆሜ አየሁት። ለዚህች ሥራ ነበር አባቴ ክረምቱን ሙሉ ሲለምን የነበረው።

ዛሬ እኔም ወልጄ አሳድጌ የእሜቴ ፍርሃት ይገባኛል፤ ጥላቻዬም ከስሟል። የአባቴ ናፍቆት ግን አልወጣልኝም። ብቻዬን ስሆን አሁንም አወራዋለሁ፦ ምነው አባዬ፣ «ምሰሶ» ከምትል «እንጨት» ብትል?