ማኅተም የሌለው ኢሜይል

ይህ የደረሰብኝ ሚሊኒየሙ በገባበት መስከረም፣ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰብል ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ግን ዛሬም ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ኮምፒውተር ክፍል ሲገባ ካየሁ ደሜ ይፈላል።

የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ጋሼ ማርቆስ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንም። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ አዋሳ ሄዶ የሦስት ቀን የኢንተርኔት ሥልጠና ወሰደና ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገጥሞ ተመለሰ። በማግስቱ እኛን ሊያሠለጥን ሰበሰበን። ጫማ አስወለቀን፣ ኮምፒውተሩን ከለበሰው የጥልፍ ጨርቅ ገለጠው፣ ማውዙን ለብቻው ያዘ። እኛ ባለዲግሪዎቹ በካልሲ ቆመን ማጅራቱን ስናይ ዋልን።

ለሃያ ሦስታችንም ኢሜይል ከፈተልን። ፓስወርዱን ግን አልነገረንም። አጀንዳው ላይ ጽፎ ከማኅተሙ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

“ፓስወርድ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ኢሜይሉን ማየት የፈለገ ማመልከቻ ያስገባ” አለ።

እኛም አስገባን። ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዞ ገደል ይሏል እንዲህ ነው።

እኔ ከዚያ በኋላ ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቼ መልስ እየጠበቅኩ ነበር። አድራሻ ብዬ የሰጠሁት ያንኑ ኢሜይል ነው። በየሳምንቱ ማመልከቻ ጽፌ እጠይቀዋለሁ፤ በየሳምንቱ “ምንም ደብዳቤ አልመጣም” ይለኛል። ኢሜይል ከዚያ ኮምፒውተር ሌላ ቦታ እንደሚከፈት አላውቅም ነበር።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ደረሰና ማርቆስ አጀንዳውን ይዞ ቤሌ ከተማ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። በዚያው ሰሞን አብሮኝ ያመለከተ ጓደኛዬ ከአርባ ምንጭ ደወለ። መልሱ ከወጣ ሰንብቷል፣ ቶሎ ካላሳወቅሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አለኝ። መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ወዳላት በየነች ዘንድ ሮጥኩ። “ኢሜይልሽ እዚህም ይከፈታል፤ ፓስወርድሽን ብቻ አምጪ” አለችኝ።

በማግስቱ ቤሌ ገባሁ። ማርቆስ በዘመድ ተከቦ ሥጋ በዳጣ ይበላል።

“ለዚህች ብለሽ ነው በዓል የምታውኪብኝ? ሰኞ ቢሮ ማመልከቻ ይዘሽ ነይ” አለኝ።

እናቱ ባይኖሩ በባዶ እጄ እመለስ ነበር። “የሰው አደራ ይዘህ ነው እንዴ የምትበላው?” ብለው በወላይትኛ ተቆጡት። አጀንዳውን አመጣ። የሃያ ሦስታችንም ፓስወርድ አንድ ነበር፤ የራሱ ስም። እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው አለ።

ሶዶ ተመልሼ በየነች ኢሜይሉን ከፈተችልኝ። ተቀብለውኛል። በአሥር ቀን ውስጥ አሳውቂ ይላል፤ ቀኑ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል።

“ያልተነበበ ደብዳቤ ደመቅ ብሎ ነው የሚታየው” አለች በየነች ስክሪኑን እያሳየችኝ። “ይሄ ተነብቧል፤ አንቺ ነሽ የከፈትሽው?”

እየለመንኩ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል የሚል መልስ መጣ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ሰኞ ማርቆስን ያዝኩት።

“አንብበውታል?”

“አንብቤዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን ምንም አልመጣም አሉኝ?”

“ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው። ያን ደብዳቤ ትይዋለሽ? ዋናውን እስኪልኩ ስጠብቅ ነበር።”

አልዋሸም። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። እሱን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ከእሱ ይልቅ ግን የራሷን ደብዳቤ ለማየት ማመልከቻ የጻፈችውን ያቺን ባለዲግሪ እንቃታለሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጀማሪዎችን ኢንተርኔት አስተምራለሁ። መጀመሪያ የምላቸው ጫማችሁን አታውልቁ ነው። ፓስወርዳቸውን ሲጽፉ ጀርባዬን እሰጣለሁ። ለማንም አታሳዩ፣ ለእኔም ቢሆን እላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ማርቆስ ጡረታ ወጥቶ ሊማር መጣ። ልጁ ውጭ አገር ስለሆነ ሊጻጻፍ ፈልጎ ነው። ሌሎቹ ፓስወርዳቸውን ጽፈው ሲጨርሱ እሱ እጁን አወጣ።

“አስቴር፣ ጽፌያለሁ። ትክክል መሆኑን እዪልኝ።”

ዞር ብዬ አላየሁለትም። ምስጢሩን አክብሬ እንዳይመስላችሁ። ሳላየውም አውቀዋለሁ።