የሩልፍ እጅና የሄንድሪኬ ጀርባ

ከባሕሩ ግድብ ሥር በተኛችው በኦስተርሁክ መንደር የሩልፍን እጅ የማያውቅ ሰው የለም። ከሚስቱ ከሄንድሪኬ ጋር በብስክሌት ጎን ለጎን ሲወጡ ግራ እጁ መሪውን ይይዛል፣ ቀኝ እጁ የሚስቱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ነፋስ ሲነሣ ይገፋታል። ነፋስ ደግሞ እዚያ አገር ሳይነሣ ውሎ አያውቅም። ሚስቱን የሚገፋ ባል ሞልቷል፤ እንደ ሩልፍ የሚያወራበት ግን የለም። ልደት በተከበረ ቁጥር፣ ወንበሩ ክብ ተደርድሮ ለሰው ሁሉ አንዳንድ ቁራሽ ኬክ እንደታደለ፣ "እኔ ባልኖር ኖሮ ይህቺን ሴትዮ ነፋሱ ጀርመን አገር ወስዶ ይጥላት ነበር" ይላል። ሰዉ ኬኩ ላይ ያቀረቅራል።

የሚያምነው ስለሌለ ነው። ሄንድሪኬ እኮ የመንደሩ ፖስተኛ ነበረች! ደብዳቤና ጥቅል የታጨቀበት ብስክሌት እየነዳች፣ በዝናብም በበረዶም፣ ማንም ሳይገፋት ከእርሻ ቤት እርሻ ቤት ስትዞር ያረጀች ሴት ናት። ባቷ የአጥር ቋሚ ያክላል። ሩልፍ በበኩሉ ጡረታ እስኪወጣ የወተት ቦቴ ሾፌር ነበር። ሥራው ተቀምጦ መንዳትና፣ ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ክዳን ከፍቶ የተበላሸ ወተት እንዳይቀዳ ማሽተት ነው። አፍንጫው በአውራጃው ስመ ጥር ነበር። እግሩን ያመሰገነ ግን አልተሰማም።

እውነቱን ሄንድሪኬ ካወቀችው ቆይታለች። አንድ እሑድ ሩልፍ ጥርሱን አሞት ቤት ሲቀር ብቻዋን ወደ መዝሙር ልምምድ ሄደች። ስትደርስ የቤተ ክርስቲያኑ በር ዝግ ነው። ሰዓቴ ቆሞ ይሆን ብላ እጇን ወዘወዘች። ሰዓቷ ደህና ነው፤ ቀድማ ደርሳ ነው እንጂ። ያን ጊዜ ነገሩ በራላት። ያ እጅ ሲገፋት አልኖረም፤ ልብሷን ጨብጦ ሲንጠለጠልባት እሷ ናት ስትጎትተው የኖረችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ምኞት ነበራት። ፖስት ካርድ መሸፈኛ የለውም፣ ፖስተኛ ደግሞ ዓይን አላት፤ በየበጋው ከተራራ አገር የሚላከውን ሁሉ አንብባዋለች። "ከላይ እስከ ታች ፔዳል ሳንነካ ወረድን" ይላል አንዱ። ሄንድሪኬ በዕድሜዋ የወረደችው ትልቁ ቁልቁለት የቦዩ ድልድይ ነው፤ እሱም "እሰይ" ብለው ሳይጨርሱ ያልቃል። ጡረታ እንደወጣች፣ "ፈረንሳይ ሄጄ የቮዥን ተራራ በዚህ ወጥቼ በዚያ እወርዳለሁ" አለች። ለዚሁ ስትል ሁለት ክረምት ሙሉ የማታ ፈረንሳይኛ ተማረች። ሩልፍ ግን፣ "ለእኔ 'ሚስቴ ደክሟታል' የሚለውን ብቻ አስጠኚኝ። ሌላውን በእጄ አስረዳቸዋለሁ" አላት።

ድንኳናቸውን፣ የለውዝ ቅቤያቸውን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ድንች የሌለ ይመስል ከጓሯቸው የተቆፈረ ድንች ሳይቀር ጭነው በግንቦት ተነሡ። ሜዳው ላይ መልካም ነበር። ቤልጅየም ገብተው ኮረብታው ሲጀምር ግን እጁ ከበደ። ዳገት በመጣ ቁጥር ሩልፍ ፊቱ ቀይ ሥር መስሎ፣

"ቁሚ... ቁሚ፤ ደክሞሻል" ይላል።

"ኧረ አልደከመኝም።"

"አትዋሺ። ከጀርባሽ ያስታውቃል።"

እንዲህ እየተባባሉ፣ እሱን ዳገት ለዳገት እየጎተተች፣ ከተራራው ግርጌ አደረሰችው። ድንኳን ለመትከል ፈቃድ ሊጠይቁ ከአንድ ገበሬ ቤት ጎራ አሉ። የቤቱ ባለቤት ማዳም ዜሊ የምትባል፣ ላም የምታልብና ፎርማጆ የምትሠራ ግዙፍ ሴትዮ፣ አመጣጣቸውን በሩ ላይ ቆማ ስታይ ነበር። ሩልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገሩን አሰማ፤ "ሚስቴ ደክሟታል።" ከዚያ ወደ ሄንድሪኬ ዞሮ፣

"ነገ ተራራውን ዞሮ በሚሄደው ባቡር እንሳፈራለን። እስከዚህ ገፋሁሽ፤ ከዚህ በኋላ ግን አንቺም ሰው ነሽ፣ ታሳዝኚኛለሽ" አላት።

ሄንድሪኬ ክው አለች። ባቡር ማለት እኮ ቁልቁለቱ ቀረ ማለት ነው።

ማዳም ዜሊ ወገቧን ይዛ፣ "አንቺ! የምን ደክሟታል ነው? ይሄ ሰውዬ እንደ ተሳቢ ነው የተቀጠለብሽ!" አለቻት።

"ምን አለች?" አለ ሩልፍ።

"ሣሩ ለድንኳን ይመቻል አለች።"

"እጁን ጥፊ በይልኝ!" አለች ማዳም ዜሊ።

"አሁንስ?"

"ደህና እደሩ አለች።"

"ተቆጥቶ ነው እንዴ ደህና እደሩ የሚባለው?"

"ፈረንሳይኛ እንደዚያ ነው።"

እሱ ድንኳኑን ሲተክል ሄንድሪኬ ማዳም ዜሊን ወደ ጓዳ ተከትላት ገብታ ጉዷን አወራቻት፤ ቁልቁለቱን፣ የባሏን ኩራት፣ ልታሳፍረውም እንደማትወድ፣ በመጨረሻም የአፍንጫውን ነገር። አፍንጫው ላይ ስትደርስ ማዳም ዜሊ ከመደርደሪያው አንድ ድብልብል ፎርማጆ አወረደች። ቆዳው ብርቱካንማ፣ መሀሉ የላላ፤ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ በሩን የሚወጣ።

"ጀርባሽ ላይ እዘዪው። የባሌ እናት እንኳ ይህ ያለበት ክፍል አትገባም።"

ጠዋት ሄንድሪኬ፣ "እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ እንሞክርና ካቃተኝ እንመለሳለን" ብላ ለምና አስማማችው። ፎርማጆውን በመረብ ከረጢት ጀርባዋ ላይ አሰረች።

"ምንድነው እሱ?"

"ምሳችን። አየር ካላገኘ ይበላሻል ብላለች።"

"ከዚህ በላይ ምን ይበላሽ?"

ዳገቱ ጀመረ። የሩልፍ እጅ እንደ ልማዱ ተዘረጋ፣ ተጠጋ፣ ተመለሰ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ እንደገና ዘረጋ፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ውጦ ፔዳል መርገጥ እንዴት ይቻላል? ዓይኑ ፈጠጠ። አፍንጫውን በመሀረብ አሰረ፤ ከፎርማጆው የሚያስጥለው አልሆነም። ሄንድሪኬ በበኩሏ ጀርባዋ ሲቀልላት ልክ ክንፍ እንዳወጣ ሰው ተፈናጠረች።

"ቆይ! ያለ እኔ አትችይም!"

"ልሞክረው!"

"ትወድቂያለሽ እኮ! ኧረ ሄንድሪኬ!"

መታጠፊያው ላይ ተሰወረች።

ከተራራው አናት ያለው የምግብ ቤት ደጅ ስትደርስ ላቧን ጠርጋ ተቀመጠች። መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ጭንቀት መጣባት። አኩርፎ ወደ ባቡር ጣቢያ ተመልሶ ቢሆንስ? ያለ እሱማ ቁልቁለቱስ ምን ይሆናል? መንገዱን እያየች ሾርባ አዘዘች፤ አልዋጥላት አለ። ልትመለስ ብስክሌቷን ስታነሣ አንድ ትራክተር እየተንገጫገጨ ብቅ አለ። የምትነዳው ማዳም ዜሊ ናት። ተሳቢው ላይ ሩልፍ፣ ብስክሌቱ ጭኑ ላይ፣ ለግጦሽ የምትወሰድ ጥጃ አንገቱ ሥር ተወሽቃ ጆሮውን እየላሰችው ተቀምጧል።

ወረደና አጠገቧ ሄዶ ዘፍ አለ። ፎርማጆውን እንኳ ረስቶታል።

"'ደክሞኛል' በፈረንሳይኛ ምንድነው የሚባለው?" አላት።

"ምነው?"

"መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሴትዮዋ ስትመጣ 'ሚስቴ ደክሟታል' አልኳት። ሌላ ምን አውቃለሁ? ወርዳ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ፈለገችሽ። ከቁጥቋጦው ሥር ፈለገችሽ። ኋላ እኔን አየችኝና መሬት ላይ እየተንከባለለች ሳቀች።"

ሄንድሪኬ ሳቋን በሾርባ ማንኪያ ልትከድነው ሞከረች፤ በአፍንጫዋ አመለጣት።

"ለመሆኑ ስትጎትቺኝ ነው የኖርሽው?"

"ነፋስ ሲኖር ብቻ።"

"እኛ አገር ነፋስ የሌለበት ቀን አለ እንዴ?"

"የለም።"

ሩልፍ ሾርባዋን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ጥቂት ፉት አለ። "ምናለ ብትነግሪኝ?"

"እጅህ ይሞቃላ። ስንት ዘመን ጀርባዬን ብርድ መትቶኝ አያውቅም።"

ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀላ፤ ግማሹ ቅላት ግን ከጥጃዋ ምላስ የመጣ ነው። ማንኪያውን በወዲያኛው በኩል ወዳለው መንገድ ቀስሮ፣ "በይ ሂጂ። እኔ ሾርባዬን ልጨርስ፤ ቀስ ብዬ ፍሬን ይዤ እከተልሻለሁ። ያንን ግማት ግን እዚሁ ጣይልኝ!" አላት።

ፎርማጆውን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ተነሣች። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ፍሬኑን ለቀቀችው። መንገዱ ጫካው ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ አሁንም ሲወርድ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የራስ ቁሯ ወደ ማጅራቷ ሸሸ፤ ጉንጯ እንደ ባንዲራ ተርገበገበ። የኦስተርሁክ ላሞች ከሩቅ ሰምተው ዞር እስኪሉ ድረስ ልትጮኽ አፏን ብትከፍት ዝንብ ዘው አለባት። ዋጠችውና እንደገና ከፈተች።