ያልተጫኑት ቁልፍ

በወጣትነቴ በርበሬ በረንዳ ኩሊ ነበርኩ። ስለዚያ ብዙ ማውራት አልወድም። ዛሬ ለዚያው ሰፈር ነጋዴዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም እሠራለሁ።

በቀደም አንዱ ነጋዴ ደውሎ ጮኸብኝ። ጅማም ደሴም ሱቅ ላለው ደንበኛ የተላከ አንድ መኪና በርበሬ ደሴ መሄድ ሲገባው ጅማ ወርዷል።

«ና ኮምፒውተርህን ተሸክመህ ውጣልኝ!»

ደሜ ፈልቶ ሄድኩ። ፕሮግራሙ ሦስት ገጾች አሉት። የደንበኛውና የዕቃው ገጾች የተጻፈባቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። የመላኪያው ገጽ ግን ቁልፍ ካልተጫኑለት አዲሱን አድራሻ ይጥልና የቀድሞውን ይመልሳል። በስህተት እንዳይላክ ብዬ እንዲያ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ቁልፉንም «ሴቭ» ማለት ትቼ፣ ለመጋዘን ኃላፊው ለጋሼ ሽኩር እንዲቀላቸው «አስቀምጥ» ብዬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ደሴ ብለው ጽፈዋል?»

«በዚህ ጣቴ!»

«ታዲያ ‹አስቀምጥ› የሚለውን ለምን አልተጫኑትም? አይታይዎትም?» ብዬ አምባረቅኩባቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ገላመጡኝ።

«አንተ፣ ጤና የለህም? መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ የምልከውን ዕቃ መጋዘን ላስቀምጠው?»