በጊዝላን ሽምግልና ቀን የመጣችው ርግብ

መክነስ ከተማ ውስጥ፣ ከአሮጌው የከተማ ግንብ ሥር ባለው ሰፈር፣ ጂላሊ የሚባል የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመታ ይውልና፣ ከሥራ እንደወጣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ጣሪያው ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ በገዛ እጁ በሳንቃና በሽቦ የሠራው የርግብ ቤት አለው። ጎረቤቶቹ ጂላሊ ራሱ ፖስታ ቤቱን አያምነውም፣ የራሱን መልእክት በክንፍ ነው የሚልከው እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ለቀልድም ይሁን ለቁም ነገር፣ የርግብን ወሬ ያነሳለት ሰው ሁሉ ወዳጁ ነው።

ርግቦቹ የውድድር ነበሩ። ሩቅ አገር ተወስደው ሲለቀቁ፣ ፀሐይን አይተው ይሁን ነፋሱን አሽትተው ጂላሊም አያውቀውም፣ ብቻ ቤታቸው ይመለሳሉ። እንዲመለሱ ግን መለማመድ አለባቸው፤ ዛሬ አሥር ኪሎ ሜትር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሠላሳ፣ ከዚያ ስድሳ እየተባለ። በዚህ ምክንያት የቤተሰቡን የእሁድ ሽርሽር የሚወስኑት ርግቦቹ ሆኑ። የሌላ ሰው ልጅ እሁድ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወሰድ፣ የጂላሊ ልጆች በአሮጌዋ ሬኖ መኪና ከርግብ ቅርጫት ጋር ተጣበው የሆነ መንገድ ዳር ይወሰዳሉ። ቦታው ገላጣ መሆን አለበት፤ ዛፍ ካለ ጭልፊት ይደበቅበታል። ጂላሊ ቅርጫቱን ይከፍታል፤ ርግቦቹ ግር ብለው ይነሳሉ፣ አንድ ሁለቴ ይዞራሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ ቤተሰቡ ምንጣፍ አንጥፎ የተቀቀለ እንቁላሉን፣ ወይራውንና በቲማቲም የተሠራ የቃሪያ ሰላጣውን በዳቦ ይበላል። ትንሿ ልጅ ኢብቲሳም አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት የእረፍት ቀናችሁን ጻፉ ስትባል፣ «እሁድ አርባኛው ኪሎ ሜትር ሄድን፤ በጣም ደስ ይላል» ብላ ጽፋ መምህሯን ግራ አጋብታለች።

ሚስቱ ሩቂያ ምላሷ ስል ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ።

«ሌላው ሴት ባሏን ተከትላ አገር ታያለች፤ እኔ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ስቆጥር አረጀሁ» ትለዋለች። እንዲህ እያለችም ሻዩን በናና ታፈላለች፣ ምሳውን ትቋጥራለች፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የቅርጫቱን ክዳን በጉልበቷ ደግፋ ትሄዳለች። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደዋል።

ትልቋ ልጅ ጊዝላን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ነርስ ናት። ዝምተኛ ነች፤ ሲከፋትም አትናገርም። ከነርስነት ትምህርት በተመረቀች ቀን ቤት ውስጥ ድግስ ተደግሶ ሳለ፣ ጂላሊ «አንዴ መጣሁ» ብሎ ጣሪያ ወጥቶ ነበር። የቆሰለች ርግብ አግኝቶ ክንፏን ሲያክም ቆይቶ ሲወርድ፣ እንግዶቹ ጫማቸውን እያጠለቁ ነው። ሩቂያ ያን ዕለት የምትናገረውን ሁሉ ተናገረች። ጊዝላን ግን የእሱን ድርሻ ኬክ በሳህን ሸፍና አስቀምጣ ነበርና አቀረበችለት። ጂላሊን ውስጥ ውስጡን የበላው የሩቂያ ቁጣ ሳይሆን ያ ኬክ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጊዝላንን የሚፈልግ ሰው መጣ። ረዱዋን ይባላል፤ በቀኒጥራ ከተማ የሚያስተምር፣ ትሑት ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ሆነው የሚመጡበት ቀን በግንቦት አጋማሽ፣ እሁድ ተቆረጠ። ጂላሊ ቀኑን ሲሰማ በልቡ ደስ አለው፤ የዓመቱ ትልቅ ውድድር፣ ከሩቋ አጋዲር ከተማ የሚለቀቀው፣ ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ነው። ምንም አይጋጭም። ስለዚህ በውድድሩ ሳምንት ዓርብ ማታ ዘርቃን ይዞ ወደ ርግብ አሳዳጊዎች ማኅበር ሄደ። ዘርቃ አንገቷ ሰማያዊ የሆነ የሦስት ዓመት ሴት ርግብ ናት፤ ጂላሊ ካሳደጋቸው ሁሉ እንደሷ ያለ አልነበረም። የማኅበሩ ጸሐፊ ሲ ታሃሚ፣ «ሲ» እዚያ አገር እንደ «አቶ» ነው፣ እግሯ ላይ የላስቲክ ቀለበት አጠለቀላትና ከሌሎቹ ጋር መኪና ላይ ተጫነች። ለጂላሊም የታሸገ የሳጥን ሰዓት ተሰጠው። ርግቧ ስትመጣ ተይዛ፣ ቀለበቱ ወልቆ፣ ሰዓቱ ውስጥ መግባት አለበት። ውድድሩ የሚቆጠረው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ርግቧ ጣሪያው ላይ ቁጭ ማለቷ ብቻውን ምንም አይደለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ከቀኒጥራ ነው። የረዱዋን አጎት ከፈረንሳይ መጥቶ ነበር፤ ሰኞ ተመላሽ ነው። እሱ ሳይኖር ሽምግልና አይሆንምና፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ ነገ እንምጣ አሉ። ሩቂያ እሺ ብላ ስልኩን ዘጋችና ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት አልነበረም። ለውዝ ተቀቀለ፣ ዶሮ ተገዛ፣ ፍራሽ ተገለበጠ፣ ከጎረቤት ትሪ በውሰት መጣ። ጂላሊ መሃል ግቢው ላይ ቆሞ ቀረ። ዘርቃ በዚያ ሰዓት መኪና ላይ ተጭና ወደ አጋዲር እየሄደች ነው።

ማታ ላይ ጊዝላን ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ለውዝ ስትልጥ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። አብሯት ይልጥ ጀመር። ጊዝላን ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ ነገ ዘርቃ ትመጣለች አይደል?» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰዓቱ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።»

ጂላሊ አንድ ለውዝ ልጦ ሳህኑ ላይ ጣለ። ሌላ አነሳ። «ነገ ከታች ነኝ» አላት።

«አንዴ መጣሁ ሳትል?»

«አንዴ መጣሁ ሳልል።»

ጊዝላን የለውዙን ሳህን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሰላት እንደተሰገደ፣ እንግዶቹ ደረሱ። የረዱዋን አባት ሐጂ ሚሉድ ከፊት፣ ከፈረንሳይ የመጣው አጎት ከጎኑ፣ ሁሉም ነጭ ጀለቢያ ለብሰው። ከኋላ ሴቶቹ የስጦታውን የስኳር ሾጣጣ፣ ሒናና ጨርቅ በትሪ ተሸክመው እልል እያሉ ገቡ። ሩቂያ አረንጓዴ የካፍታን ቀሚሷን ለብሳ ወተትና ተምር ይዛ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ሐጂ ሚሉድ የእህል ነጋዴ ነው፤ ፊቱ ኮስተር ያለ፣ ቃሉ ቁጥብ። ጂላሊ ከመጀመሪያው ፈራው።

ወንዶቹ በትልቁ ክፍል ተቀመጡ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮ የወይራ ምርት ተወራ። ጂላሊ መልስ ይሰጣል፣ ጆሮው ግን ወደ ላይ ነው። አጎቱ ሁለት ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቆት ሁለት የተለያየ መልስ ሰጠው። ከዚያ ሐጂ ሚሉድ ጉዳዩን አነሳ፤ ልጃችን ልጃችሁን ይፈልጋል፣ እኛም ዝምድናችሁን እንፈልጋለን አለ። ጂላሊ እንደ ወጉ መለሰ። ፋቲሃ ይቀራ ተባለና ሁሉም ለጸሎት መዳፉን ዘረጋ።

በዚያ ቅጽበት ከጣሪያው ላይ የክንፍ ድምፅ መጣ። ለሌላው ሰው ድምፅ እንኳ አይባልም፤ ጨርቅ ሲራገፍ የሚሰማ ያህል ነው። ጂላሊ ግን አወቃት። ሩቂያም ከበሩ ሥር ቆማ ነበርና ሰማች፤ ዓይኗን ባሏ ላይ ተከለች። ጂላሊ መዳፉን እንደዘረጋ ነው። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ከንፈሩ ከሌሎቹ ጋር እየተንቀሳቀሰ ነበር። አሚን ሲባል ፊቱን በመዳፉ አበሰ፤ ከወንበሩ አልተነሳም። ቀና ሲል ጊዝላን ከእናቷ ትከሻ በስተኋላ ስታየው አገኛት። እሷም ሰምታለች።

ሻይ መጣ። ጣፋጭ መጣ። ዘርቃ ከላይ ቁጭ ብላ አንዳንዴ ታጉረመርማለች። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ኢብቲሳም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የተምር ትሪ ታዞራለች። ሐጂ ሚሉድ ፊት ስትደርስ ጎንበስ ብሎ፣ በርትተሽ ትማሪያለሽ ወይ አላት። ኢብቲሳም የሆዷን አወጣች።

«እማራለሁ። አጎቴ ሐጂ፣ ጣሪያችን ላይ ከአጋዲር የመጣች ርግብ አለች። አባዬ ግን አይወጣም፤ ለጊዝላን ቃል ገብቷል።»

ሐጂ ሚሉድ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ከአጋዲር? ዛሬ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የተለቀቀችው» አለ ጂላሊ፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ።

«በክንፏ?»

«በክንፏ።»

«እኔ ከቀኒጥራ በመኪና መጥቼ ወገቤ ተቆርጧል» አለ ሐጂ ሚሉድ። ከዚያ ጀለቢያውን ሰብስቦ ተነሳ። «ሲ ጂላሊ፣ እንግዳ እንግዳን ሳያይ አይሄድም። ያሳዩኝ።»

ጂላሊ ወደ ጊዝላን አየ። ጊዝላን በእጇ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ራሷን ነቀነቀችለት።

ስድስት ወንዶች በነጭ ጀለቢያ ተከታትለው ጣሪያ ወጡ። ዘርቃ የርግብ ቤቱ ደፍ ላይ ነበረች። ያን ሁሉ ነጭ ሰው ስታይ ብድግ አለችና የጎረቤት አንቴና ላይ ሰፈረች። ጂላሊ የበቆሎ ጣሳውን አንሿሿ፤ አፏጨ፤ ለመናት። እሷ አንገቷን አዙራ ታያቸዋለች። አጎቱ ደግሞ ልርዳ ብሎ እጁን ሲያወናጭፍ ይባስ ፈቀቅ አለች። ወንዶቹ ሁሉ ምክር ሰጪ ሆኑ። አንዱ ተደበቁ ይላል፣ አንዱ ውኃ ይምጣ ይላል።

ሩቂያ የካፍታኗን ጫፍ ይዛ ብቅ አለች።

«እናንተ ሰዎች፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በርራ የመጣችን ፍጡር የመስጊድ ጀመዓ ሆናችሁ ትቀበሏታላችሁ? ቁጭ በሉ። ሐጂ፣ እርስዎም ይቅርታ፣ ይቀመጡ።»

ሐጂ ሚሉድ ጣሪያው ላይ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ ተቀመጠ። ሌሎቹም እንዲሁ። ሩቂያ የልብስ መቆንጠጫ ጣሳዋን ከገመዱ ሥር አነሳችና ሦስት ጊዜ አንቀጨቀጨች። ዘርቃ ወዲያው ወረደች፤ መጥታም እግሯ ሥር ቆመች። ለካ ሩቂያ ጠዋት ጠዋት ልብስ ካሰጣች በኋላ ለርግቦቹ ደረቅ ዳቦ ትፈረፍርላቸው ኖሯል። ጂላሊ ይህን አያውቅም ነበር። አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምን ታየኛለህ? ሰዓትህን አምጣ» አለችው፤ ርግቧን በሁለት እጇ አቅፋ።

ጂላሊ ሮጦ ወርዶ ሰዓቱን ይዞ ወጣ። ቀለበቱን አወለቀና ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ እጀታውን ተጫነ። ሐጂ ሚሉድ ርግቧን ተቀበላት። በአውራ ጣቱ ሰማያዊውን አንገቷን ዳበሰ። ያ ኮስታራ ፊት ላልቶ እንደ ልጅ ሆነ። «ልቧ ይመታል» አለ።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ወጣ፤ ዘርቃ ሃያ ሰባተኛ። ሲ ታሃሚ ገርሞት ጂላሊን ጠየቀው። የወዲያ መንደሩ ማኅበርተኛ እሁድ ሰማዩን ሲቃኝ ቤትህ ላይ ስትዞር አይቷታል፤ ያኔ ከተማው ውስጥ ገና አንድ ርግብ ብቻ ነበር የገባው አለው። ታዲያ ያን ያህል ጊዜ የት ቆየች?

«መንገድ ላይ ሽምግልና ገጥሟት ነው» አለ ጂላሊ። ለቤቱ ግን ሃያ ሰባተኛ መውጣቷን ብቻ ተናገረ።

ሠርጉ በመስከረም ሆነ። ጊዝላን ቀኒጥራ ገባች፤ እዚያው ሆስፒታል ሥራ አገኘች። ሐጂ ሚሉድ ግን ለሠርጉ ሲመጣ አንድ ጥንድ ጫጩት ለምኖ ወሰደ። በዓመቱ ጥንዱ አሥር ሆነ። ከዚያ የእህል መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ቤት ሠራላቸው። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ለጂላሊ ይደውላል፤ አንዷ አልበላ አለች፣ አንዱ አስነጠሰ፣ ነፋሱ ከየት ነው እያለ። ያ ቃሉ ቁጥብ የነበረ ሰው ስልኩን አይዘጋም።

አንድ ቀን የደወለችው የሐጂ ሚሉድ ሚስት ላላ ዙሁር ነበረች፤ ሩቂያን ነው የፈለገችው።

«እህቴ ሩቂያ፣ ምን አመጣችሁብኝ? ሠላሳ ዓመት በሰላም ኖሬ ትናንት ባሌ የርግብ እንቁላል ኪሱ ውስጥ ይዞ እራት በላ።»

«ይብርደዋል ብሎ ነው» አለች ሩቂያ።

«እሱም እንዲህ ነው ያለኝ!»

ሁለቱ ሴቶች ሲስቁ ስልኩ ሊቃጠል ደረሰ። ከዚያ ሩቂያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ሙላይ ያዕቆብ ፍል ውኃ ሄዳ እንደምታውቅ ጠየቀቻት። ላላ ዙሁር ጉልበቷን ሲያማት ሁሌ ሂጂ እንደሚሏት፣ ግን የሚወስዳት እንዳጣች ነገረቻት። ሐሙስ ተቀጣጠሩ። ሁለት ሌሊት ነው የሚያድሩት።

ሐሙስ ጠዋት ሩቂያ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ጂላሊን የመቆንጠጫ ጣሳው የት እንዳለ አሳየችው፣ ለኢብቲሳም ምስሩን እንዴት እንደሚያሞቅ ነገረችው፣ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ላላ ዙሁር ከቀኒጥራ መጥታ ወንበር ይዛ ትጠብቃት ነበር፤ ጉልበቷ ላይ የብርቱካን ከረጢት አስቀምጣለች። አውቶቡሱ ከከተማው እስኪወጣ ድረስ ሁለት ብርቱካን ላጡ፤ የኪሎ ሜትር ድንጋይ የቆጠረ አልነበረም።