እሺ ሳይል አይቀመጡም

አጎቴ የሐይቅ ከተማ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። ተበዳዩ ፊት ቆመው ይለምናሉ፤ «እሺ፣ ምሬዋለሁ» እስኪላቸው ድረስ ተቀመጡ ቢባሉም አይቀመጡም።

በደርግ ጊዜ አንድ እሑድ ከሰዓት የቀበሌው አዳራሽ የግብፅ ፊልም መጣ። ዐረብኛ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ አጠገቤ ተቀምጠው ጮክ ብለው ይተረጉሙልናል። ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ በሐሰት ምስክር ወጣትነቱን እስር ቤት ጨርሶ ወጥቷል። ያን ምስክር አሳድዶ አሳድዶ አገኘው! ሽጉጡን መዘዘ። አጎቴ ትርጉሙን ትተው ብድግ አሉና ሸራው ፊት ቆሙ።

«ተው ልጄ፣ ስለ ነቢ ብለህ ተው! መበደልህንማ ሁላችንም አይተናል!»

ሽጉጡ ነጭ ጋቢያቸው ላይ አረፈ።

«አባባ ይቀመጡ፣ ጋረዱን!» ብሎ ሰዉ ጮኸ።

«እሺ ሳይለኝ?»

ይሄኔ ከኋላ አንድ ቄስ ተነሡ። «ስለ ግሸን ማርያም፣ ተው ልጄ!» አዳራሹ በሙሉ ቆመ፤ «ተው! ተው!» ሆነ። ተኩሱን ማን ሰምቶት!

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አጎቴን በቀበርን በሳምንቱ፣ ቴሌቪዥን ላይ አንዱ ሽጉጥ መዘዘ። የሚነሣ ሰው ጠበቅሁ፤ የለም። ራሴ ተነሣሁ።

«እማዬ ተቀመጪ፣ ጋረድሽን!» አሉ ልጆቼ።

«እሺ ሳይል?» አልኳቸው።