የሐቢባ ዘይትና የደንገጎ ዳገት

ባለፈው ሳምንት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ ከቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ የማታ ነፋስ ስቀበል የጎረቤቴ ልጅ ፉአድ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ መጣ። እሱ ሳይደርስ ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ፤ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት። «ምንድነው ይሄ አቦ?» አልኩት። የናፍጣ ወረፋ ቢያንገፈግፈው፣ ያገለገለ ዘይት አጣርቶ ለሚኒባሱ ሊሞላ ነው ለካ። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፈረንጅ ጓሮው ውስጥ ሲያጣራ አሳየኝና «አየህ ጋሼ፣ አዲስ ነገር እኮ ነው!» አለኝ። አዲስ! ሳቄ መጣ፤ ግን ብዙም አልሳቅኩ። ያ ሽታ ሲመጣ ሐቢባ አብራው ትመጣብኛለች።

ያኔ ገና ጢም አበቀልኩ ብዬ በየቀኑ የምላጭ ጎረምሳ ነበርኩ። ከአባቴ የወረስኩት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነበረኝ፤ በእሱ ከገበያ ወደ ሱቅ ዕቃ እያመላለስኩ እኖራለሁ። አንድ ሰሞን ከተማው ውስጥ ነዳጅ ድራሹ ጠፋ። ማደያዎቹ ገመድ ዘረጉ፣ የሐረር መኪኖች መናኸሪያ ውስጥ ተደርድረው አቧራ ጠጡ፣ የጋሪ ነጂዎች ደግሞ ሰው መናቅ ጀመሩ። እኔም የናፍጣ ሞተር የምግብ ዘይት አይጠላም ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሞከርኩት። አሠራሩ ተንኮል የለውም። ዘይቱን ውኃው እስኪተን ታሞቀዋለህ፣ አተላው እንዲዘቅጥ ታስቀምጠዋለህ፣ ከዚያ መጀመሪያ በሻሽ፣ ቀጥሎ በጂንስ ሱሪ እግር ታጠልለዋለህ። ትንሽ ላምባ ትቀላቅልበትና ቢስሚላህ ብለህ ታስነሳለህ። ያለችኝ አንድ ጂንስ ሱሪ ያለቀችው በዚህ ሥራ ነው፤ እስካሁን ትቆጨኛለች።

ዘይቱን የምወስደው ከሐቢባ ነበር። ሐቢባ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ሳምቡሳና ባጅያ የምትጠብስ የሶማሌ ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን ድሬ ላይ አንቱ መባባል የት አባቱ! ስትስቅ ሰፈሩ ሁሉ ምን እንዳሳቃት ለማወቅ ይወጣል። መኪናዬ ባለፈ ቁጥር የሳምቡሳ ሽታ ስለሚከተለኝ ልጆች «አንድ ጠቅልልልኝ!» እያሉ ይጮኹብኛል፤ እሷም ከምድጃዋ ሆና «ክፈሉት፣ እንዳታስከስሩት!» ትላቸዋለች።

አንድ ጠዋት፣ በኅዳር፣ የሐቢባ ምድጃ ሳይነድ አረፈደ። ምን ሆነች ስል በባዶ እግሯ መንገዱን አቋርጣ መጣች።

«ግርሜ፣ እናቴ ሞተችብኝ።»

እናቷ ሐረር፣ ወንድማቸው ዘንድ ነበር የሚኖሩት። ሌሊት አርፈው ወሬው ገና አሁን በጎረቤት ስልክ መድረሱ ነው። በእስልምና ሬሳ አይቆይም፤ የአስር ሶላት፣ የከሰዓት በኋላው፣ እንደተሰገደ ይቀበራሉ። ሐቢባ ደግሞ እህት የላትም፤ እናቷን ማጠብ የእሷ ወግ ነው። እሱ እንኳ ባይሆን ፊታቸውን ማየት ፈለገች። ዓይኗ ደርቆ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ፒክአፑን በእጇ መታ አደረገችው።

«በእኔ ዘይት አይደል የሚሄደው? አድርሰኝ!»

እምቢ ይባላል? ችግሩ ሰልባቲዮው፣ የነዳጅ ጋኑ፣ ውስጥ የቀረችው ነዳጅ ከሰፈር አታስወጣም። ያለኝ ገና ያልተጣራ አንድ ጀሪካን ነው፤ በዋዜማው ከእሷው የወሰድኩት። እሳት አያይዤ አሞቅኩት፣ ሻሹን ወጠርኩ፣ የሱሪውን እግር አሰርኩ። ዘይት ደግሞ ችኮላ አያውቅም። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሐቢባ ሥሩ ቁጢጥ ብላ ጠብታውን ስታይ ቆየችና ድንገት ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ መጭመቅ ጀመረች።

«ኧረ ተይ! ከጨመቅሽው ዱቄቱ አብሮ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ ያስቀረናል!»

«ታዲያ ቁጭ ብዬ ልይ?» ብላ ጮኸችብኝ። ወዲያው እጇን ለቀቀችና «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለች። የወረደው ዘይት ግን ወርቅ የመሰለ ነበር፤ ፀሐይ ላይ አንስቼ አየሁት፣ አንዲት ጉድፍ የለውም። የዙህር፣ የእኩለ ቀኑ፣ አዛን ሲል ሞላሁና ተነሳን።

የድሬ ሙቀት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ኅዳርም ሆኖ ቀትሩ ይለበልባል። ሞተሩ እንደ በሬ ጎተተን። ጠመዝማዛውን የደንገጎ ዳገት ተያያዝነው፤ ከተማው ከታች እያነሰ ሄደ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ። ሐቢባ መስኮቱን ዘጋች። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እንደርሳለን ብዬ። ደንገጎ አናት ላይ ልንወጣ ትንሽ ሲቀረን መኪናው ነቀነቀን፣ አንዴ አስነጠሰ፣ ቀጥ አለ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ነፋሱ አጥንት ይገባል። ዘይቱን ያጣራሁት እኔ ነኝ፣ ንጹሕ ነው፣ ታዲያ ምን ነካው? የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈትቼ ባየው ውስጡ ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ ሻማ የቀለጠበት ይመስላል። ጣቴን ሰደድኩበት፣ አይፈስም። ሐቢባ መጥታ አየችው፣ አሸተተችው፣ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

«ላት ነው» አለች። «የበግ ላት። ዘይቱ ላይ አቀልጥበታለሁ፣ ሳምቡሳው እንዲጣፍጥ።»

እኛ የሙቀት ሰዎች! ታች ድሬ ላት ከዘይት ጋር አንዴ ከተዋሃደ በየትኛው ጨርቅ ይያዝ? ውኃ ሆኖ ያልፋል። ብርድ ሲነካው እንደሚረጋ እሷም አላሰበች፣ እኔም ዘይቱ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም።

«ላት ጨምሪ ያለችኝ እናቴ ናት» አለች ሐቢባ። «እሷ ናት ያስተማረችኝ። አሁን እሷው ያዘችኝ።» መሳቅ ጀመረች፤ ያ የሰፈሩ ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ መሐሉ ላይ ተሰበረና እዬዬ አለች።

ከመንገዱ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ለቅሶውን ሰምታ መጣች፤ ሐቢባ በኦሮምኛ ነገረቻት። ሴትዮዋ ተመልሳ ለደንበኞቿ የጣደችውን ትልቅ ማንቆርቆሪያ ከነእንፋሎቱ አንስታ መጣች። ሐቢባ ሻርፗን ከራሷ ገፈፈችና ፊልትሮውንና ቱቦውን ጠቀለለችበት፤ እኔ የፈላውን ውኃ አፈሰስኩበት። ላቱ እየቀለጠ ተንጠባጠበ። ከዚያ ፓምፑን በእጄ እየመታሁ ከቱቦው አየር ሳስወጣ እሷ በጥቁር ቅባት የጨቀየውን ቱቦ በሁለት መዳፏ ጨብጣ ታሞቀው ነበር። ሞተሩ ተነሣ! ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን «ይዛችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ትሰጡኛላችሁ» አለችን።

ግን ያ ተአምር ሩቅ አልወሰደንም። እየቆምን፣ እያፈሰስን፣ እየተነሳን ሄድን። ፀሐዩ ማዘንበሉን ሐቢባም ታያለች፣ እኔም አያለሁ። ሐረር መግቢያ ላይ የአስር አዛን ተሰማ። ሐቢባ ዓይኗን ጨፈነች። «ተሰገደባት» አለች፣ ቀስ ብላ።

ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ ላይ አገኘናቸው። ወንዶች ቃሬዛውን ተሸክመው በፍጥነት ይመጣሉ። መኪናውን ሳላቆም ሐቢባ ወረደች፤ መንገዱ መሐል ቆመች። ከፊት ያሉት ተደናገሩ። አንዱ «ሴት እዚህ አትመጣም፣ አሳልፉ» አለ። ከቃሬዛው ሥር ሽማግሌ አጎቷ አንገታቸውን አወጡ፤ የእናቷ ወንድም ናቸው። ራሷን ተገልጣ፣ ፊቷ በጢስና በዕንባ ተለውሶ አዩዋት። ያባርሯታል ብዬ ነበር።

«አውርዱ» አሉ አጎቷ።

ቃሬዛው መሬት ነካ። ሽማግሌው ራሳቸው ጎንበስ ብለው የከፈኑን ቋጠሮ ፈቱ፣ የእናቷን ፊት ገለጡላት። ሐቢባ ተንበረከከች። እጇን ዘረጋችና አየችው፤ እስከ ክንዷ ጥቁር ነው። ታጥበው፣ ሽቶ ተቀብተው የተከፈኑ እናቷን አየች፣ እጇን አየች። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ፣ አጎንብሳ፣ ግንባራቸውን ሳመች። ብቻ። አጎቷ መልሰው ቋጠሩ፣ ሰዎቹ አነሱ፣ ሄዱ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፉአድን ዘይቱን ከመሙላቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ እንዲያይ፣ ከረጋ ዳገት እንዳይሞክር መከርኩት። እሺ አለ፤ መስማቱን እንጃ። በማግስቱ ሐቢባ ዘንድ ሄድኩ። አሁን አርጅታለች፣ መጥበስ ትታለች፣ ልጇ ቤት ነው የምትኖረው። የፉአድን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ሳቋ አሁንም ሰፈር ይጠራል። ስለዚያ የቀብር ቀን አውርተን አናውቅም ነበር። እኔ ሁልጊዜ፣ ደርሳ ስማቸዋለች፣ እንኳንም ሄድን እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነው የኖርኩት። እሷ ግን ሳቋን ጨርሳ እጇን ጭኗ ላይ ገልብጣ ማየት ጀመረች።

«ፊቷን መንካት ነበረብኝ፣ ግርሜ» አለችኝ። «እናት የልጇን ቆሻሻ እጅ ትጠየፋለች?»