ምሰሶ ያልሆነው እንጨት

ባለፈው ሳምንት ልጄ እዚሁ ካምፓላ፣ ኮሎሎ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘችኝ። አስተናጋጇ ምን ላምጣ ስትለኝ እኔ ጣሪያው ላይ አፍጥጬ ነበር። ቤቱ ኮርኒስ የለውም፤ እንጨቱ ሁሉ ይታያል። «አባዬ፣ ጀመረህ ደግሞ» አለችኝ ልጄ። እውነቷን ነው። የመካከሉን እንጨት ግርጌ ሳላይ ምግብ አይወርድልኝም። በወጣትነቴ ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ የያዝኩት አመል ነው።

እንደ ፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ አካባቢ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ካምፓላን ማለፊያ እንጂ መኖሪያ አላደረግኳትም፤ ልቤ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ማቶኬዬን፣ ያንን የሙዝ ገንፎ እንኳ ቆሜ ነበር የምበላው። እጄ ላይ ትንሽ አናጢነት ስለነበረኝ ኦልድ ካምፓላ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ጋሽ ይማም የሚባሉ የወሎ ሰው አስጠጉኝ። በወጣትነታቸው የእንጨት ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ያኔ ግን ጉልበታቸው መሰላል እንቢ ብሏቸው ነበር።

የምንሠራው ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ጣሪያ ነው። ጣሪያውን የሚሸከሙት ዘጠኝ ትልልቅ የእንጨት ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ጋሽ ይማም መጀመሪያ መሬት ላይ በገመድና በኖራ በሙሉ ልካቸው ይሥሏቸዋል፤ እንጨቱ በሥዕሉ ላይ ይቆረጣል። ከተሰቀሉ በኋላ ደግሞ የእያንዳንዱ የመካከል እንጨት ግርጌ በላሜራ ታቅፎ ከታች ከተጋደመው እንጨት፣ ከአግዳሚው ጋር በብሎን ይታሰራል።

ይኼ ማሰር ለእኔ ትርፍ ሥራ ነበር። አገር ቤት መካከል ላይ የሚቆም እንጨት ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ ደግሞ ይሸከማል፣ የትም አይሄድም።

«ይኼ ምሰሶ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ከላይ የተንጠለጠለ ነው። አግዳሚውን ወደ ላይ የያዘው እሱ ነው። ካልታሰረ ይለቀዋል።»

እሺ አልኩ። ጆሮዬ ግን መንገድ ላይ ነበር፤ ጓደኛዬ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደቡብ የምትነሳ የጭነት መኪና አግኝቶ ነበር።

ዓርብ ጋሽ ይማም ለጁምዓ ሄዱ። ዘጠነኛው ላይ ላሜራው አልገጥም አለኝ። ብረት ሠሪው ዘንድ መልሶ ማስቀጥቀጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለት ሚስማር መትቼ ወረድኩ።

ሲመለሱ «ሁሉም ታስሯል?» አሉኝ።

«ታስሯል።»

ቀና ብለው ትንሽ አዩ። «መንገድህን ያቅናልህ» ብለው መረቁኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ይዘንባል። የፌንጣ ወቅት ነበር፤ ሴቶች በየጥጉ የተጠበሰ ፌንጣ ይሸጣሉ። መኪናዋ ላይ ሻንጣዬን አቅፌ ተቀምጬ ዝናቡ የሱቆቹን ቆርቆሮ ሲደበድብ እሰማለሁ። ሰኞ ልጆቹ ፖሾአቸውን፣ የበቆሎ ገንፏቸውን ይዘው እዚያ ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ዘልዬ ወረድኩ። ጓደኛዬ «አበድክ?» እያለ ሲጮህ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣሁ።

አዳራሹ ስደርስ መሰላሉ ዘጠነኛው ላይ ተደግፏል። ጋሽ ይማም ሥሩ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ፤ አጠገባቸው እንደገና የተቀጠቀጠው ላሜራ አለ።

«ያውቁ ነበር?»

«ዘጠኝ ነው ያሠራሁት። አንዱን ትናንት መሬት ላይ አገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መኪናህ እንዳያመልጥህ ብዬ። እኔው እወጣዋለሁ ብዬ ነበር።»

በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ረጥቦ በሚያንሸራትት መሰላል። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይሞቃል። ላሜራውን ከአጠገባቸው አንስቼ ወጣሁ። ብሎኑን አጥብቄ ስጨርስ መኪናዋ ከተማውን ለቃ ሄዳ ነበር። ሌላ መኪና እስኪገኝ ያልኩት ይኸው ስንት ዓመት ሆነው። ጋሽ ይማምን የቀበርናቸውም እዚሁ ነው። እግሬ ግን አሁንም አያርፍልኝም፤ ወንበር ላይ ሆኜ እንኳ ይንቀጠቀጣል።

ኮሎሎ ምግቡ ቀረበ። ልጄ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና «እሺ፣ ታስሯል?» አለችኝ።

ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ፤ በደንብ ከሚታይበት ቦታ ሄጄ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ ነው ታስሯል ያልኳት።